ግዝቱ ያልደረሰበት ነዳጅ

ይህን ነገር ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ ተነሥቶ ይሂድ። አንዲት ቃል ብጨምርበት የጣና ጉማሬ ታንኳዬን ይገልብጣት፤ ታንኳ የለኝም፣ ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ዳግም አረቄ ጠጥታ፣ ከግቢ ወጥታ፣ እስከ ሐይቁ ዳር የሮጠች መኪና ነበረች። ሰው የምትጭን አይደለችም፤ ርዝመቷ ከክንድ እምብዛም የማያልፍ፣ በእጅ በሚያዝ መቆጣጠሪያ ከሩቅ የምትነዳ የፈረንጅ ሥራ ናት። ባለቤቷም ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አጥብቃ የምታስር ሴት ናት፤ የብርጓል ትባላለች። በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ሞልተዋል። አላየንም የሚሉም አሉ፤ እነሱ ቄሱን ፈርተው ነው።

ቄሱ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቄስ ፍቅረ ማርያም። ቄስ አንቱ እንጂ አንተ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ይህ ታሪክ የሚሄደው ግን ከታላቅ እኅቱ ጀርባ ስለሆነ እንደሷ አንተ እያልሁ እሄዳለሁ፤ ይፍቱኝ።

ዕለቱ እሑድ ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ የምትመጣው እሑድ ጠዋት ስለሆነ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጄሪካኗን ከትልቁ ቤት መስኮት ሥር ካለው ቧንቧ ደቅና ቆማ ነበር። የቅዳሴው ተራ የሌላ ካህን ስለነበረ ወንድሟም ቀድሟት ገብቶ ቁርሱን ይበላል። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። "ባዶ እጄን አልሄድም" ሲል ሰማችው። "ባለሆቴሉ ለልጅ ልጁ ክርስትና የጠራኝ አለምክንያት አይደለም። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ሌላ አልያዙም። ዛሬ ዓይናቸው እኔ ላይ ካረፈ አረፈ ነው።" የሚስቱ የኢትዮጵያ ማንኪያ ድምፅ ተሰማ። "ያቺን የእታለምን መኪና ወስጄ ለሕፃኑ እሰጠዋለሁ። ገበያ ውጪ ብትባይ ዋጋዋን አትችይውም። ደግሞ አትሄድም እኮ! ነዳጇ ካለቀ ስንት ጊዜዋ። የማይሄድ ነገር የማንም አይደለም። በእሷ ዕድሜ በመጫወቻ ሲሳቅባት የማፍረው እኔ ነኝ።" ማንኪያው ዝም አለ። ጄሪካኑ ሞልቶ የየብርጓልን እግር እያራሰ ይፈሳል። የአርባ ቀን ልጅ አንገቱን እንኳ አያቀናም፤ ወንድሟ መኪና ሊያስነዳው ነው።

ቤቱ የአባታቸው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ማንም አልተካፈለውም፤ ዝም ብሎ በጊዜ ብዛት ፍቅረ ማርያም ትልቁ ቤት ውስጥ ተገኘ፣ የብርጓል ደግሞ ሰርቪሱ ውስጥ ተገኘች። በትልቁ ቤት ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ከግድግዳው ግማሹን የያዘ ቴሌቪዥን፣ እንግዳ ካልመጣ የማይረገጥ ምንጣፍ አለ። በሰርቪሱ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ዝናብ ሲመጣ የሰው ወሬ የማያሰማ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። መኪናይቱ የምትኖረው ከአልጋው ሥር በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልላ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶላት እንደሄደ ትናገራለች፤ እንዴትና ለምን የሚለው ሌላ ታሪክ ነው። የብርጓል ዕድሜዋን ሙሉ በሽመና መኪና ጩኸት ውስጥ ነው የኖረችው። ጡረታ ስትወጣ ያስደነገጣት የገንዘቡ ማነስ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰው እያለ ሙሉ ቀን "እንደምን አደርሽ" እና "ደህና እደሪ" ብቻ የሚሰማበት ቤት ነው። መኪናይቱን አስነሥታ ያቺ ሞተር እንደ ንብ መንጋ ስትጮህ ግን የብርጓል ጆሮዋ አገሩ የገባ ይመስላታል።

ቧንቧውን ሳትዘጋ በእርጥብ እግሯ ትልቁ ቤት ገባችና ምንጣፉ መሃል ቆመች።

"የእኔን ዕቃ ነው የምትሰጠው?"

"እታለም፣ እስቲ ቁጭ በይ። ቁርስ ቅመሽ።"

"ጠግቤያለሁ። በመስኮቱ በኩል አጠገብኸኝ።"

ፍቅረ ማርያም እጁን በፎጣ ጠረገ። "ዕቃ ዕቃ አትበይ፤ መጫወቻ ናት። ያንቺ እኩዮች ማኅበር ይጠጣሉ፣ ገዳም ይሳለማሉ። አንቺ ሐይቅ ዳር ከባጃጅ ነጂ ጋር መኪና ታራውጫለሽ። ባለፈው አንድ ምእመን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አባ፣ እኅትዎ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?' አለኝ። በሰው መሃል!"

ኢትዮጵያ ፊቷን ወደ ሳህኑ ደፋች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

"ሰው ከሳቀ ምን አጠፋሁ? ዐዘንሁ ያለህ አለ?"

"አትሄድም ነው የምልሽ!"

"ትሄዳለች።"

"በምን? በጸሎት?"

"ያንተ ጸሎት ካላቆማት ትሄዳለች።"

ቄሱ ብድግ አለ። በደህና ጊዜ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲናደድ ግን እንደ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ በአንቀጽ መናገር ይጀምራል። "እንግዲያው እንዲህ ይሁን" አለ። "ስምንት ሰዓት ላይ የባለሆቴሉ መኪና ሊወስደኝ ይመጣል። ያን ጊዜ ከሰርቪሱ ደጃፍ ተነሥታ በራሷ ጉልበት የግቢውን በር ካለፈች ያንቺ ናት፤ ስለሷ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ካላለፈች ለሕፃኑ ናት፤ አንቺም አፍሽን አትከፍቺም።" የብርጓል "ይሁን" አለች፤ ቶሎ አለች። ቶሎ ማለቷ አስጠረጠረው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ፤ እሱ ግን ጣቱን አነሣ። "ነገር ግን ቤንዚን ጠብታ እንኳ ወደዚህ ግቢ እንዳይገባ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ። ከቆጣሪዬ መብራት ስበሽ እንዳታስኬጃት ገዝቻለሁ። በእጅ እንዳትገፊያት፣ በገመድ እንዳትጎትቻት ገዝቻለሁ።"

የብርጓል ወንድሟን አትፈራም፤ ሲወለድ የእትብቱን ጨርቅ ያጠበች እሷ ናት። ግዝት ግን ትፈራለች። የተገዘተ ማሳ ሊያርስ የገባ ገበሬ፣ በሬዎቹ ወደ ኋላ እየሄዱ ትናንት ያረሰውን ሲደፍኑበት መራዊ አካባቢ እኔው ራሴ አይቻለሁ። ስለዚህ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ቧንቧውን ዘጋች፣ መኪናይቱን ከነጋቢዋ እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

እሑድ እሑድ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፎቁ አልቆ በማያውቅ አንድ ሕንፃ ጓሮ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ የሚሰበሰቡት መኪና ወዳዶች ከጣቶቼ አይበልጡም፤ ክርክራቸው ግን የጉባኤ ነው። ባጃጅ ነጂው ቢያዝን የልጆች አባት ነው፤ የእሱ መኪና በቤንዚን ትሄዳለች፤ ከቤንዚን ሌላ የሚያመልከውን ሁሉ እንደ መናፍቅ ያያል። ባንክ የሚሠራው ሀዲስ ደግሞ የባትሪ ሰው ነው፤ እሑድ እንኳ ሸሚዙን ከሱሪው ሳያወጣ ነው የሚነዳት። የብርጓል በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሃይማኖት ነበረች፤ የእሷ መኪና ኒትሮ የሚሉትን፣ ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ የራሷን ነዳጅ ነበር የምትጠጣው። ስትደርስ ሁለቱ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጠበሰ የቆሮሶ አሣ ይበላሉ። የመጣችበትን ነገረቻቸው፤ ግዝቱንም እንዳለ ቃል በቃል ነገረቻቸው።

"እትዬ፣ እኔ ከድሮም ብያለሁ" አለ ሀዲስ አሣውን አስቀምጦ። "ሞተሯን አውጥተን በባትሪ እናድርግልዎት። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ ሽታ የላት።"

"ታዲያ ምን ቀራት?" አለች የብርጓል።

ቢያዝን በሳቅ ትን አለው። "ይበሉት! ባትሪ ይላል እንዴ ደግሞ! ከትናንት ጀምሮ በሰፈሩ መብራት የለም። የሱ መኪና ይኼው፣ ፎጣ ለብሳ እንደ ሬሳ ተጋድማለች።"

"ያንተዋስ? ሌሊቱን ማደያ ስትሰለፍ አደርህ አይደል?"

"ለባጃጄ ነው የተሰለፍሁት። እናት ከጠገበች ልጅ ትጠባለች።" ከዚያ ግን ቢያዝን ፊቱን አጠቆረና ወደ የብርጓል ዞረ። "እንግዲህ እትዬ፣ እኔ ከጨዋታው ወጣሁ። ቤንዚን በጄሪካን አይቀዳም የሚለውን ሕግ የምንሻገርበት አናጣም። ግዝት ግን... ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ እዚያ ውስጥ እጄን አላስገባም።"

የብርጓል የራሷ ነዳጅ ከየት ሊገኝ እንደሚችል ጠየቀች። ሀዲስ ራሱን ነቀነቀ። አውሮፕላን ይዞት የሚገባ የለም፤ አዲስ አበባ አለ የተባለውም ጠፍቷል፤ ቢገኝ እንኳ የአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ የአንድ ሙክት ግማሽ ነው። "ለመሆኑ ውስጡ ምንድን ነው?" አለችው። "አልኮል ነው፣ ዘይት አለው፣ ሌላም ቅመም ይገባበታል። የሚጠጣው አልኮል እንዳይመስልዎት ደግሞ፤ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው" አለ። ይህን ጊዜ ቢያዝን የአሣውን አጥንት ወደ ሐይቁ ወርውሮ፣ "አልኮልማ ከሆነ ወለተ ኪዳን ዘንድ ይውሰዷትና በመለኪያ ያስቀዱላት!" አለ። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሲያበቁ የብርጓል ከቦታዋ የለችም፤ ባጃጅ አቁማ ወደ ግሽ አባይ ሰፈር እየሄደች ነው።

ወለተ ኪዳን የአንበሳሜ ሴት ናት፤ አረቄ በማውጣት ግሽ አባይ ውስጥ ስሟን የማያውቅ ጉሮሮ የለም። ቤቷ አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲህ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ እሳት፣ በጭቃ የታሸገ እንስራ፣ ከእንስራው አፍ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀበረው ማጠራቀሚያ የሚወርድ መቃ አለ። ክፍሉ በሚያቃጥል ትንፋሽ ተሞልቶ ግድግዳው ራሱ ሞቅ ያለው ይመስላል። ጌሾ ተወደደ፣ ዳጉሳ ተወደደ፣ እንጨት ተወደደ፤ "ርካሽ የቀረ ሰካራም ብቻ ነው" ትላለች ወለተ ኪዳን። የብርጓልን ስታይ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ተነሣች። አረቄ የማትቀምስ ሴት እሑድ በቀትር እዚህ ቤት ስትገባ አንድም ሰው ሞቷል፣ አንድም ሊሞት ነው።

"የብርጓል! ምነው? ወንድምሽ ምን ሆነ?"

"ደህና ነው፤ ደህንነቱ ነው ያስቸገረኝ። ከዳግሙ፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ስጪኝ።"

"እሱንስ ለሰው አልሰጥም። አንዱ ቀምሷት የራሱን ስም ረስቶ በሚስቱ ስም ሲጠራ ሰነበተ።"

"ለሰው አይደለም። ለመኪና ነው።"

ወለተ ኪዳን ወደ በሩ አየች። "ፒክአፕ ገዛሽ?"

የብርጓል ጋቢውን ገልጣ አሳየቻት፤ ነገሩንም ከሥሩ አወራቻት። ወለተ ኪዳን ሰምታ ስታበቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና፣ ግዝቱን እንደገና ቃል በቃል እንድትነግራት ጠየቀች። በጣቷ ትቆጥራለች። ቤንዚን አለ። ከቆጣሪ የሚሳብ መብራት አለ። መግፋት አለ፣ በገመድ መጎተት አለ። አውራ ጣቷ ባዶውን ቀረ።

"አረቄን አልጠራም?"

"አልጠራም።"

"እስቲ ማይ።"

"ማርያምን! አልጠራም። ከነዳጅ አልቆጠረውማ።"

"ውይ!" አለች ወለተ ኪዳን። "እኔ ደንበኞቼ በምን የሚንቀሳቀሱ መስሎታል?"

ጥቂቱን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አፍስሳ ክብሪት ጫረች። እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም ነበር፤ የብርጓል ያወቀችው የእጇ ጸጉር ሲያር ነው። በአንዲት የሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳችላት። ዋጋ ስትጠይቃት ወለተ ኪዳን ትከሻዋን ነቀነቀች፤ "ከሄደች አትከፍይም፤ ካልሄደች ተመለሺና አብረን እንጠጣዋለን" አለች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሞተር ያለ ዘይት ብረት ከብረት ይፋጭና ይቃጠላል። የመኪና ዘይት እንደማይሆን የብርጓል በአፍንጫዋ ታውቃለች፤ የድሮው ነዳጅ ቆርቆሮው ሲከፈት ጉሎ ጉሎ ይሸት ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት ደግሞ ኢትዮጵያ ጸጉሯን የምትቀባው ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ሲኖሩ ተጣልተው አያውቁም፤ ለመጣላትም ማውራት ያስፈልጋል። የብርጓል ግቢ እንደተመለሰች ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ "ኢትዮጵያ፣ የጉሎ ዘይት አለሽ?" አለች። ኢትዮጵያ ወደ ሳሎኑ አየች፤ ባሏ መስታወት ፊት ጥምጥሙን ይጠመጥማል። "የለኝም!" አለች፣ ሳሎን ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። የብርጓል ወደ ሰርቪሱ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ኢትዮጵያ ግማሹ የተጎነጎነ ግማሹ የተበተነ ጸጉሯን ይዛ ወጣች፣ የውሃ በርሜሉ ጋ ደርሳ ጎንበስ አለች፣ ምንም ውሃ ሳትቀዳ ተመለሰች። በርሜሉ ክዳን ላይ እስከ አንገቷ የሞላች ብልቃጥ ቁጭ ብላለች። የብርጓል ብልቃጧን አንሥታ ለረጅም ጊዜ ያዘቻት። ከዚህ በፊት እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው የሰጣትን ነገር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የባለሆቴሉ ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆመች። ሹፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ። ወሬው ከግሽ አባይ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አገጩን ደርድሯል። ፍቅረ ማርያም ካባውን ለብሶ፣ ጥምጥሙ እንደ በረዶ ነጥቶ፣ ጥላውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ። የብርጓል ከሰርቪሱ ደጃፍ ተንበርክካ መኪናይቱን ታዘጋጃለች፤ ነዳጁን በምታቀጣጥለው የሞተሯ ካንዴላ ላይ ከባትሪ ድንጋይ የመጡ ሁለት ሽቦዎች አሰረች፣ ከዚያ ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን የማስነሻ ገመድ ሳብ አደረገች። ምንም የለም። እንደገና ሳበች። መኪናይቱ አንዴ ሳል አለችና ዝም።

"ገመድ!" አለ ቄሱ። "በገመድ እንዳይሆን ገዝቻለሁ!"

"መኪናዋን እንዳልጎትት ነው የገዘትኸኝ። እኔ የምስበው ገመዱን ነው፤ መኪናዋ ይኼው ቆማለች።"

"ሽቦውስ? መብራት አይደለም?"

"የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ከሱቅ የመጣ። ቆጣሪህ ያውቀዋል?"

ሹፌሩ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። "አባ፣ ፍርድ ቤት ቢሆን እኮ ተረትተዋል።"

የብርጓል አየሩንና ነዳጁን የምታመጣጥነውን ቡሎን በጥፍሯ ትንሽ ፈታችና ጥርሷን ነክሳ ሳበች። መጀመሪያ መኪናይቱ አስነጠሰች። ቀጥሎ አጉረመረመች። ከዚያ የሰርቪሱ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ፣ እርግቦች ከጣሪያው ተነሥተው እስኪበሩ፣ ጣና ውስጥ የተኛው ጉማሬ ሁሉ ማነው እስኪል ድረስ ጮኸች። ከጭራዋ ነጭ ጭስ ተንፎለፎለ፤ ሽታው ግማሹ የመለኪያ ቤት፣ ግማሹ የሴት ጸጉር ነበር። አጥሩ ላይ ያሉት እልል አሉ። መኪናይቱ ግን ሞቅ ብሏት ኖሮ ወደ በሩ አልሄደችም፤ ወደ ግራ ተንገዳገደች፣ የፓፓያውን ዛፍ ዞረች፣ ድንጋይ ላይ ወጥታ ወረደች፣ እንደገና ዞረች። የብርጓል መቆጣጠሪያውን ደረቷ ላይ አስደግፋ በትዕግሥት ስትመልሳት፣ ፍቅረ ማርያም ከደረጃው ወረደ፣ በፍጥነት ወደ በሩ ሄደ፣ ዘጋው፣ መወርወሪያውን ቀረቀረ።

አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ አሰገገ፤ ሞተሯ ትጮኻለች።

"በሩን ካለፈች ነው ያልሁት" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "በሩ ክፍት ይሆናል አላልሁም።"

ጥሩ ተምሯል፤ መቼስ ይህን ሁሉ ዓመት መጽሐፍ ቤት የተቀመጠ ሰው ነው።  የብርጓል መኪናይቱን ወስዳ በእግሩ ዙሪያ አዞረቻት። ዞረች፣ ደግማ ዞረች፤ ጭሱ ከካባው ሥር ገብቶ በአንገትጌው ወጣ፣ ጥምጥሙን እንደ ደመና ከበበው፣ ጢሙ ውስጥ ተኛ። ሳል ያዘው። "አጥፊያት!" ይላል፤ የሚሰማው የለም። የመኪናይቱ ነዳጅ መያዣ ግን ሲኒ እንኳ አታህልምና ነዳጁ ሊያልቅ ነው፤ የብርጓል ይህን ታውቃለች።

ኢትዮጵያ ከወጥ ቤት ወጣች። አንዱ ጎን ጸጉሯ እንደተበተነ ነው። ማንንም ሳታይ በጭሱ መካከል አልፋ፣ ባሏን በትከሻዋ ለስለስ አድርጋ ገለል አድርጋ፣ መወርወሪያውን ሳበች። በሩን ሁለቱንም ክንፍ ብርግድ አድርጋ ከፈተችው።

"አየር ይግባ" አለች። "ግቢው አረቄ አረቄ አለ።"

መኪናይቱ በመካከላቸው አልፋ ወጣች።

ውጭ ኮብልስቶኑ ያነጥራታል፤ እሷም እንደ ፍየል እየዘለለች ወደ ሐይቁ ቁልቁል ተያያዘችው። የብርጓል በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ ከጠርሙሷ እየጨመረችላት ከኋላዋ፤ ከየብርጓል ኋላ ጎረቤት፤ ከጎረቤት ኋላ ደግሞ ፒክአፗ፤ ወደ ሆቴሉ የሚወስደው መንገድ ይኼው አንዱ ስለሆነ ሹፌሩ ቄሱን ጭኖ በእርጋታ ከመከተል በቀር ምርጫ አልነበረውም። ያየ ሁሉ የክርስትናው አጀብ መስሎት ያጨበጭባል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ "አባ፣ ሳይወጡ ትንሽ ቀማመሱ እንዴ?" አለ በአክብሮት። ፍቅረ ማርያም ካባውን አሸተተ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ መኪናይቱ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ወጣች። ሀዲስ ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። ቢያዝን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ "ጠጣች! ወላዲተ አምላክን፣ ጠጣች!" ይላል። ከሜዳው አጠገብ ካለው ሆቴል የክርስትናው እንግዶች በነጭ ልብሳቸው ወደ አጥሩ ወጡ፤ ከመካከላቸውም አንዲት ወይዘሮ፣ የሕፃኑ አያት ናቸው መሰል፣ "ይህች ጉደኛ የማን ናት?" ብለው ጠየቁ። ቄስ ፍቅረ ማርያም ከፒክአፗ ወረደ። ካባውን አራገፈ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "የእኅቴ ናት" አለ። "የታላቅ እኅቴ። ማንም እንዳይነካት።"

እንግዲህ እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልናዘዝ። አረቄው እውነት ነው፣ ጉሎውም እውነት ነው፣ ጉማሬውም እውነት ነው፤ ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ፈጥሬያታለሁ። ቄሱ ከፒክአፗ አልወረደም። መስታወቱን ዘግቶ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ ሹፌሩን በእጁ "ንዳ" ብሎት ነው ያለፈው። እኔ የጨመርሁት አንድ ሰው እንዲህ ሊላት ይገባ ነበር ብዬ ነው። ስለ የብርጓል ግን አትዘኑ፤ ቢላትም አትሰማውም ነበር። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ሞተሯን እስከ መጨረሻው ከፍታው ነበር።